ከመርዕድ አዝማች እስከ ፕሪሚየም

ለድረ ገጽ ማስቀመጫ ቦታ የሚያከራይ ድርጅት የዋጋ ገጹን ሲከፍቱት ሦስት ሳጥን ጎን ለጎን ይመጣል። ግራው «ነሐስ»፣ መሃሉ «ብር»፣ ቀኙ «ወርቅ»። ወይም «ስታርተር»፣ «ፕሮ»፣ «ፕሪሚየም»። መሃለኛው ከሁለቱ ትንሽ ከፍ ይልና «ብዙዎች የመረጡት» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል። አገሩ የትም ይሁን፣ ሳጥኖቹ ያው ናቸው።

እኔ የምሠራው ይህንኑ ቦታ፣ ማለትም ሆስቲንግ፣ በሚቸረችር አንድ ትንሽ የአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ የኛ አይደለም። ከትልልቆቹ በጅምላ እንከራይና ለትንንሾቹ በችርቻሮ እናከራያለን፤ ለክሊኒክ፣ ለአስጎብኚ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለልብስ ሰፊ። አንድ ቀን ሦስቱን ጥቅሎቻችንን በአማርኛ የመሰየም ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ምክንያቱ፣ አለቃችን እንዳለችው፣ «አንተ የመንዝ ልጅ ነህ፤ አማርኛው አይቸግርህም» ነው።

የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል አይደል? ሳምንታት ፈጀ። ስም ፍለጋ ስገባ ያገኘሁት ታሪክ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ ሰው ለደረጃ፣ ለድርሻና ለጋራ ሀብት ስም ሲያወጣ ዘመናት ኖሯል። አንዳንዱ ስም የባለቤቱን ከፍታ ይናገራል፤ አንዳንዱ ደግሞ የነገሩን ሥራና ልክ። የሁለቱ ዓይነት ስሞች ዕጣ ፈንታ አንድ አይደለም። ልንነጋገርበት የሚገባው ይህ ነው።

ወርቁ አለ፣ ሰሙስ?

መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ ቀላሉ ነበር፤ እንግሊዝኛውን መተርጎም። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ። ግን በአማርኛ ገና ከመነሻው ይሰናከላል። ደንበኛው ስልክ ደውሎ «የብሩ ጥቅል ስንት ብር ነው?» ሲል አስቡት። በኛ ቋንቋ ብር ማዕድን ከመሆኑ በፊት ገንዘብ ነው፤ ደረጃ አይሆንም።

ወርቁስ? አማርኛ ተናጋሪ ወርቅ ሲባል ከጌጡ ቀጥሎ ትዝ የሚለው ቅኔ ነው። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፤ ወርቁ ውስጥ ለውስጥ የተደበቀው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው በዚሁ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ የገበሬውን ኑሮ ያየውም መንዝ ላይ ነው። እንግዲህ ለመንዝ ሰው «የወርቅ ጥቅል» ብትሉት የመጀመሪያ ጥያቄው «ሰሙስ ምንድን ነው?» ቢሆን አይፈረድበትም። ደግሞም ልክ ነው። በሆስቲንግ ገበያ ሰሙ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው «ያልተገደበ» የሚለው ቃል ነው። ወርቁ ከታች በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ውል ነው። እሱን የሚፈታ ደንበኛ ጥቂት ነው።

የማዕድኑ ደረጃ ራሱ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። በዘመናዊው ኦሊምፒክ ለአንደኛ ወርቅ፣ ለሁለተኛ ብር፣ ለሦስተኛ ነሐስ መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ ነው። በ1896 አቴንስ ላይ አንደኛ የወጣው የተሸለመው ብር ነበር። በውድድር ግን ወርቅ ትርጉም አለው። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ያገኘው ወርቅ ማንም ሊገዛው የማይችለው ነው፤ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ነው ያመጣው። በዋጋ ገጽ ላይ ያለው ወርቅ ግን ካርድ ያለው ሁሉ የሚያገኘው ነው።

ሁሉም ሲያገኘው ደግሞ ይረክሳል። የአሜሪካን ኤክስፕረስን ካርዶች ተመልከቱ። ወርቃማው እ.ኤ.አ. በ1966 መጣ። በ1984 ፕላቲነም ተጨመረበት፤ በ1999 ደግሞ ጥቁሩ። አንዱ ስም ሲለመድ ከላዩ ሌላ ይደረባል። ይህን ጨዋታ ሸዋ ከአሜሪካኖቹ በፊት በደንብ ታውቀዋለች።

መሰላሉ ሲረዝም

የጥንቶቹ የጦር ማዕረጎች ሲፈጠሩ የሚናገሩት ሰውየው የት እንደሚቆም ነበር። ፊታውራሪ ከፊት ቀድሞ የሚያወርረው ነው። ቀኝ አዝማች የቀኙ ክንፍ መሪ፣ ግራ አዝማች የግራው። ደጃዝማች ደጁን፣ የንጉሡን ድንኳን ደጃፍ፣ የያዘው አዝማች ነው። ካርታ ሳይኖርህ ስሙን ብቻ ሰምተህ ሰውየውን ሰፈሩ ውስጥ ታገኘዋለህ። እንዲህ ያለ ስም ጥሩ ስም ነው።

ችግሩ ስሙ ከቦታው ሲለያይ ነው። ዘመን አልፎ ሰፈሩም ድንኳኑም ሲቀር ማዕረጉ ግን ቀረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጦር ሜዳ ያልዋለ ሹም ቢሮ ተቀምጦ ቀኝ አዝማች ሊባል ይችል ነበር። የማን ቀኝ? መልስ የለውም። ስሙ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ከግራ አዝማች እንደሚበልጥ።

የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚነሳው ከመንዝ ነው። የሐረጉ አባት ነጋሲ አቤቶ ይባል ነበር፤ ዘመኑ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና የ18ኛው መባቻ ነው። ተከታዮቹ መርዕድ አዝማች ተባሉ። ቃሉን አስተውሉት፤ የሚያርድ፣ የሚያንቀጠቅጥ አዝማች ማለት ነው። ይህ ስም የቆመበትን ቦታ ሳይሆን የሚያሳድረውን ፍርሃት ነው የሚሸጠው፤ በዛሬ ቋንቋ ማርኬቲንግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1775 እስከ 1808 የገዛው አስፋ ወሰን በዚሁ ማዕረግ ይታወቃል። ልጁ ወሰን ሰገድ ራስ ተባለ። የልጅ ልጁ ሣህለ ሥላሴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 የገዛው፣ ራሱን የሸዋ ንጉሥ አለ። ምኒልክ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት።

አቤቶ፣ መርዕድ አዝማች፣ ራስ፣ ንጉሥ፣ ንጉሠ ነገሥት። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ አንድ ቤተሰብ አምስት ጥቅል ቀየረ። ግዛቱም አብሮ አድጓል፤ መናገሻውም ከመንዝ ወደ አንኮበር ወርዷል፣ ከዚያም ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ። ስለዚህ ስሙ ባዶ ነበር ማለት አይደለም። ግን የከፍታ ስም አንድ ጠባይ አለው፤ ዋጋው የሚለካው ከበታቹ ባለው ነው። ጎረቤትህ ራስ ከሆነ አንተ ራስ ሆነህ አትረካም።

አንዳንዴ መውረድም አለ። ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ ራሱን ንጉሠ ነገሥት ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ሸዋ ሲገቡ ደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼ ላይ ስምምነት ተደረገ። ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ተወ፤ በምትኩ የሸዋ ንጉሥ ተብሎ ዘውዱ ጸደቀለት። ንጉሠ ነገሥት የሆነው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1889 ነው። በልቼ የተጣለው የአንድ ቃል ልዩነት ጦርነት አስቀርቷል። «ስም ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው ልቼን እጠቅስለታለሁ።

መርዕድ አዝማችስ የት ደረሰ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የወሎ መርዕድ አዝማች ተብለው ነበር። የሸዋ ገዢዎች የገነኑበት ስም ለሌላ ክፍለ ሀገር፣ ለሌላ ዘመን ጌጥ ሆነ። ዛሬ የእኔ ዕድሜ ልጆች ቃሉን ሲሰሙ የመንገድ ስም ይመስላቸዋል። የከፍታ ስም መጨረሻው ይኸው ነው።

«ያልተገደበ ብለው ገደቡን»

ይህን ሁሉ ሳነብ ከእውነተኛ ደንበኛ ጋር ያገናኘኝ አጎቴ ናቸው። ሞላሌ አካባቢ፣ ማማ ምድር፣ ባናና ዝተት የሚሠሩ ሸማኔዎችን ያስተባብራሉ። መንዝን የሚያውቅ የመንዝ በግንም ያውቃል፤ ጸጉሩ ይፈተላል፣ ባና ይሆናል፣ ዝተት ይሆናል፣ በርኖስ ይሆናል። የደጋውን ብርድ የሚመክተው እሱ ነው። ኮሌጅ የጨረሰች የአጎቴ ልጅ ድረ ገጽ ሠራችላቸው፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ላለው ገዢ ፎቶ ከነዋጋው የሚያሳይ። ቦታውን የተከራዩት ከአንድ የውጭ ድርጅት ነው። ጥቅሉ «ያልተገደበ» ይል ነበር።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ድረ ገጹ ጠፋ። ድርጅቱን ሲጠይቁ መልሱ «ከተፈቀደው የፋይል ቁጥር አልፋችኋል» የሚል ሆነ። ቦታው በጊጋባይት አልተገደበም፤ በፋይል ብዛት ግን ተገድቧል። አንድ ፎቶ ሲጫን ሥርዓቱ ለስልክ፣ ለኮምፒውተር፣ ለዝርዝሩ እያለ በየመጠኑ ቅጂ ያወጣለታል፤ አንዱ ፎቶ ስድስት ሰባት ፋይል ይሆናል። የመቶ ዝተት ፎቶ ከየአቅጣጫው ሲነሳ አስቡት።

አጎቴ ደውለው ያሉት አይረሳኝም። «ልጄ፣ ያልተገደበ ብለው ገደቡን እኮ! ገደቡን ቢነግሩኝ ኖሮ በገደቡ እሠራ ነበር።»

የተናደዱት ገደብ በመኖሩ አይደለም። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ገደብ አያስደነግጠውም። የተናደዱት ስሙ ስለዋሸ ነው። የዚያ ዓመት የገና ገበያ ደግሞ ተመልሶ አልመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። በርካሹ ጥቅል ውስጥ ያለው ድረ ገጽ ብቻውን አይኖርም። አንድ ማሽን ላይ መቶዎች አብረው ይቀመጣሉ፤ ማህደሩንም፣ የማሽኑን ጉልበትም፣ መስመሩንም ይጋራሉ። አንዱ ጎረቤት በድንገት ገበያ ከደራለት ሌሎቹ ይንቀራፈፋሉ። አከራዩም ብዙው ተከራይ ድርሻውን እንደማይጨርስ ስለሚያውቅ ካለው በላይ ያከራያል። «ያልተገደበ» የሚለው ቃል የሚቆመው በዚህ ግምት ላይ ነው። ሁሉም ባንድ ቀን ከመጣ አይበቃም።

ብዙ ሰው፣ አንድ መስክ፣ ሁሉም ባንድ ቀን ከመጣ የማይበቃ። ይህን የት ነው የማውቀው ብዬ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም።

ጓሳ

ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ በ3,200ና በ3,700 ሜትር ከፍታ መካከል፣ አንድ ሰፊ ሣራማ ደጋ አለ። ስሙ ጓሳ ነው፤ ሣሩም ጓሳ ነው። በቤት ክዳንነቱ የታወቀ ነው፤ ገመድም ይሆናል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። ጎብኚው የሚመጣው ለነሱ ነው። እኔን የሳበኝ ግን አጠባበቁ ነው።

በአካባቢው ትውፊት ጓሳን ለሁለት የተካፈሉት አስቦና ጌራ የተባሉ ቀደምት አባቶች ናቸው፤ ዘመኑም ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይወሰዳል። ከዚያ ወዲህ መስኩ የሚተዳደረው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነበር። ባለመብቶቹ ከነዚያ አባቶች በዘር የሚወርድ አጽመ ርስት ያላቸው ናቸው። እነሱም አለቃ ይመርጣሉ፤ አባ ቀራ ይባላል። መስኩ ይዘጋል። ለአንድ ወቅት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አንዳንዴ ለሦስትና ለአምስት ዓመት ያህል ማንም ከብት አያስገባም፣ ማንም ሣር አያጭድም። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ያኔ ሁሉም በሥርዓቱ ይገባል። ጊዜውን የሚያውጀው አለቃው ነው፤ የጣሰም ይቀጣል።

ሁሉ ነገሩ ጥሩ ነበር አልልም። አጽመ ርስት የሌለው ሰው ከበሩ ይመለስ ነበር። ቅጣቱም ለስላሳ አልነበረም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጓሳን ማንም «ያልተገደበ» ብሎት አያውቅም። ጓሳ ጓሳ ሆኖ የቆየው በገደቡ ነው። ገደቡም ተደብቆ አያውቅም፤ ባደባባይ ይታወጅ ነበር፣ አለቃውም የሚታወቅና የሚጠየቅ ሰው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ርስት ቀረ። ርስት ሲቀር ቀሮ የቆመበት መሠረትም ተናደ። በሩ ለሁሉም ተከፈተ፤ ፍትሐዊ ነበር፣ ግን አጋጁም ተቀባሪውም በዛ፣ መስኩም ተጎዳ። ከዚያ ነው ማኅበረሰቡ ተሰባስቦ በኮሚቴና በአዲስ ደንብ ጥበቃውን እንደገና ያቋቋመው፤ ዛሬ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የምንለው ይህን ነው። የበለጠ የሚገርመኝ የስሙ ጽናት ነው። ርስቱ ጠፋ፣ ሥርዓተ መንግሥቱ ተለወጠ፤ ጓሳ ግን ዛሬም ጓሳ ነው። መርዕድ አዝማች የት እንደደረሰ ደግሞ ቀደም ብለን አይተናል።

ሥሙ የጸናው ማንንም ከማንም ስለማያበልጥ ይመስለኛል። የሚናገረው ነገሩን ነው፤ ሣር።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌሎች የደረጃ ስሞችን መፈለግ ጀመረ። መርሐቤቴን እንውሰድ። መንዝ የገብስ አገር ነው፤ ከዓለም ከተማ ዝቅ እያላችሁ ወደ ጀማ ስትወርዱ ግን ጤፍ አለ። የጤፍ ደረጃ ስሞች ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ ናቸው። ሠርገኛ ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ነው። እንዴት ያለ ስም ነው! ርካሹን ድብልቅ «ሁለተኛ ደረጃ» ብሎ ከማሳፈር ይልቅ ሠርግ ቤት እንደተሰበሰበ ሰው አየው። ሠርገኛ የሚገዛ ሰው አንገቱን አይደፋም፤ ስሙም አይዋሽም፣ ድብልቅ መሆኑን ይናገራል።

የመሬቱ ስሞችም እንዲሁ ነበሩ። የሰሞን መሬት ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ በየሰሞኑ ለሚቀድሰውና ለሚያገለግለው። ማደሪያ ለመንግሥት አገልጋይ፣ አገልግሎቱ እስካለ የሚያድርበት። ሥርዓቱ ለገባሩ ስንት መከራ እንደነበረ ሌላ ታሪክ ነው፤ ስሙ ግን መሬቱ ለምን እንደተሰጠ ይናገር ነበር።

ኢንተርኔቱም ቢሆን ይህን ጠባይ ያውቃል። የኢትዮጵያን የድረ ገጽ አድራሻዎች ተመልከቱ፤ ዶት ኮም ዶት ኢቲ ለንግድ፣ ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ ለመንግሥት፣ ዶት ኢዱ ዶት ኢቲ ለትምህርት። «ዶት ወርቅ ዶት ኢቲ» የሚል የለም። አድራሻው የሚነግረን ሥራህን ነው፤ ኪስህን አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን በየቀኑ የምንጠጣው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡና እርግጥ ለሸዋ ደጋ አዲስ ነገር ነው፤ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ክርስቲያኑ ይሸሸው ነበር። ስሞቹ ግን አሁን የሁሉም ናቸው። አቦል ወፍራሙ ነው። ቶና ቀጠን ይላል። ሦስተኛው ውሃ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በሆስቲንግ ቋንቋ «ቤዚክ» ይባል ነበር። እኛ ግን በረካ አልነው። ቀጭኑን ሲኒ በረከት ብሎ የሰየመ ሕዝብ ለርካሹ ጥቅል ስም ይጠፋዋል?

የተበደሩት ስም ዕዳ አለው

በቅርብ ዓመታት የኢትዮጵያ ዲጂታል ገበያ ይህን መንገድ ጀምሮታል። ዳሸን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረውን የስልክ ገንዘብ «አሞሌ» አለው። አሞሌ የጨው ገንዘብ ነበር፤ ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በአጋሰስ ወደ ደጋው የሚወጣ። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ስሙ ብልህ ነው፤ ሰምተህ «ይሄ የመገበያያ ነገር ነው» ትላለህ።

ቴሌብርም እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጀመረ በኋላ፣ በ2022 ከዚሁ ባንክ ጋር «መላ»፣ «ሳንዱቅ» እና «እንደኪሴ» የሚሉ አገልግሎቶችን አመጣ። ሳንዱቅ ቁጠባ ነው፤ የአያቶቻችን ሳንዱቅ የሚሠራውን ይሠራል፣ ስሙም ሥራውም አንድ ነው። እንደኪሴ ግን ሒሳብህ ሲያልቅ የሚሞላልህ ብድር ነው። ውብ ስም ነው፤ ስሰማው ፈገግ አልኩ። ነገር ግን ብድር ኪስ አይደለም። ከኪስህ ያወጣኸውን ማንም መልስ አይልህም።

የአሮጌ ቃል ኃይል እዚህ ላይ ነው፤ አደጋውም እንደዚሁ። ሰው አዲሱን ነገር ባያውቀውም ቃሉን ያምነዋል፤ ምክንያቱም ቃሉን ያወቀው ከእናቱ ቤት ነው። ስለዚህ ቃሉን የተበደረ ሰው ዕዳ አለበት፤ ነገሩን እንደ ስሙ ማድረግ።

ጓሳ፣ ግቢ፣ አምባ

በመጨረሻ ያቀረብኳቸው ሦስት ስሞች እነዚህ ናቸው።

ጓሳ፣ ለጋራው ጥቅል። ብዙ ሰው የሚጋራው ማሽን፤ በልክ ለሚጠቀም ሁሉ የሚበቃ።

ግቢ፣ ለመካከለኛው፣ ቪፒኤስ ለሚባለው። ማሽኑ አሁንም የጋራ ነው፣ ግን አጥር አለህ። የተመደበልህ ማህደርና ጉልበት ያንተ ነው፤ የጎረቤት ከብት አይገባም። ውስጡን ግን ራስህ ነህ የምትጠርገው።

አምባ፣ ለሙሉ ሰርቨር። ብቻውን የቆመ፤ ዙሪያው ገደል የሆነ። መርሐቤቴና መንዝ አምባ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ቃል አያስፈልጋቸውም። ደኅና ነው፣ ሰፊ ነው፤ ግን ውሃና ስንቅ የምታወጣው አንተ ነህ። ለአብዛኛው ሰው አያስፈልገውም፤ ስሙም ይህን አይደብቅም።

አንዱ ከሌላው አይበልጥም። አምባ ላይ የሚኖር ሰው ጓሳ ላይ ከብቱን ከሚያሰማራው አይከብርም፤ የሚያስፈልገው ነገር ነው የተለየው።

ቢሮው ተከፋፈለ። የሽያጭ ሠራተኛችን «ሰው እኮ ወርቅ መሆን ይፈልጋል፤ ግቢ ማን ይፎክርበታል?» አለ። ደረቅ እውነት አለው። የከፍታ ስም ሰውን ወደ ላይ ይገፋል፤ የማያስፈልገውን ጥቅል ያስገዛዋል፣ ለቢሮውም ገንዘብ ነው። ሌላዋ ባልደረባዬ ሐዋሳ ያደገች ናት፤ «ጓሳ ምንድን ነው? እኔ ካላወቅኩት ደንበኛው እንዴት ያውቀዋል?» አለችኝ። ይህኛው ከበደኝ። ሠርገኛ ሁሉም ቤት አለ፤ ጓሳ ግን የኔ አገር ቃል ነው። መልሴ አንድ ነበር። «ፕሪሚየም» የሚለውን ቃል ቤታቸው ውስጥ የሰሙት ስንት ናቸው? የማይታወቅ ቃል የግድ ከሆነ፣ ሲጠይቁ እውነተኛ ታሪክ የሚያወጣው ይሻላል።

አለቃችን ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ጓሳ ካልነው አባ ቀራው ማን ነው?»

ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ እሱ ነበር። የጋራ መስክ ያለ ተጠያቂ አለቃ ጓሳ አይደለም፤ ወና ሜዳ ነው። ስሙን ከወሰድን ሦስት ነገር መውሰድ ነበረብን። አንደኛ፣ ገደቡ፣ የፋይሉ ብዛት ሳይቀር፣ ከስሙ ሥር በትልቁ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ገደቡ ሊደርስ ሲል ድረ ገጹ ከመዘጋቱ በፊት ለደንበኛው ይደወላል። ሦስተኛ፣ የሚደውለው ስም ያለው ሰው ነው። አለቃችን በዚህ ተስማማች። «ያልተገደበ» የሚለው ቃል ከገጻችን ወጣ። የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ግን ወርቁ እስካሁን አለ፤ ሽያጩ ክፍል እሱን አልለቀቀም።

ስሞቹ ከወጡ በኋላ አጎቴ ስለ ድረ ገጻቸው ሊያማክሩኝ ደወሉ። ሦስቱን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። አምባ ስል ሳቁ፤ «አምባ ምን ይሠራልኛል፣ እኔ የምሸጠው ባና ነው» አሉ። ጓሳ ስል ዝም አሉ። ከዚያ ሌላ ሻጭ ጋ ሄደው ቢሆን የማይጠይቁትን ጠየቁኝ።

«ጓሳውን ስጠኝ። ገደቡ ስንት ነው?»